የዕቃ ቤቱ ቁልፍና ያልተነቀለው ድንኳን

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የቤታችሁን ቁልፍ የት ነው የምታስቀምጡት? ተዉት፣ አትንገሩኝ፤ አውቀዋለሁ። በሩ አጠገብ ካለው የአበባ ጣሳ ሥር ነው። ካልሆነም አሮጌ ጫማ ውስጥ። ሰው ሁሉ ቁልፉን የሚደብቀው አንድ ዓይነት ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ግን ይህን ቦታ ከኔ በቀር ማንም አላሰበውም ብሎ ተረጋግቶ ይሄዳል። እዚህ አሶሳ ጎረቤቴ የሆነች አንዲት ነርስ ቁልፏን ማንጎው ግንድ ላይ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ትከታለች። ምስጢር ነው። ምስጢሩን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው ግን የለም። ሥራ ላይ ሆና ዝናብ በመጣ ቁጥር ለአንዳችን ትደውልና ቁልፉን ከማንጎው አውጥታችሁ መስኮቴን ዝጉልኝ ትላለች።

የኔ ባለቤት ግን ቁልፍ አይደብቅም ነበር። አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው።

ደምሴ ይባላል። ይባል ነበር ማለት አለብኝ መሰለኝ፤ ገና አልለመድኩትም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ስንት ልጅ “ነበር”ን ከነአገባቡ ከኔ ተምሮ ሄዷል። በራሴ ቤት ስትገባ ግን አቃተችኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ሳልጽፈው ከቀረሁ የሆነውን ሁሉ ሰው በየፊናው አሳምሮ ያወራውና የኔው ደምሴ ሌላ ሰው ሆኖ ይቀርብኛል።

ደምሴ ብረት በያጅ ነው። ጉባ ወርዶ ግድቡ ላይ የሠራባቸው ዓመታት አሉ፤ እዚያው ማንኩሽ ከርሞ ሲመጣ ፊቱ ከሚበይደው ብረት አይለይም ነበር። ከዚያ ሲመለስ እዚሁ ከተማ ውስጥ በርና መስኮት መሥራት ያዘ።

የእድራችንን ዕቃ ቤት በር የሠራው እሱ ነው። እድራችን እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ትልቅ እድር ነው። ሁለት ድንኳን አለን፤ አግዳሚዎች አሉን፤ ሰው ተደግፎ ሊተኛባቸው የሚችል ትልልቅ ብረት ድስቶች አሉን። የዕቃ ቤቱ የመጀመሪያ በር እንጨት ነበር፤ ምስጥ በላው። ሁለተኛውንም በላው። የአሶሳ ምስጥ አንዴ ቤት ከለመደ ማን ያስቆመዋል? ደምሴ ይሄን ጊዜ ተናደደና እስቲ ይህን ይብላ ብሎ ከወፍራም ላሜራ በር ሠራ። ቁልፉን ደግሞ ከውጭ የሚንጠለጠል ጓጉንቸር አላደረገውም። ከኩርሙክ አንድ ነጋዴ ያመጣለትን፣ ከድንበር ወዲያ ማዶ የመጣ የድሮ ቁልፍ ከነሆዱ በሩ ውስጥ ቀበረው። መክፈቻው ጣት የሚያህል ረጅም ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ጥርስ አለው። አንድ ብቻ ነው። ሌላ ይቀረጽ ሲሉት እንቢ አለ። ሁለት ሰው ቁልፍ ከያዘ አንድ ማንኪያ በጠፋ ቁጥር ሁለቱ ሲካሰሱ ይኖራሉ፣ አንድ ሰው ከያዘው ግን ማንን እንደምትሰድቡ ታውቃላችሁ አላቸው። ሳቁና ያዥ አድርገው መረጡት።

የእድሩ ደንብ አጭር ነው። ዕቃው ወይ ሐዘንተኛው ቤት ነው፣ ወይ ዕቃ ቤት ነው፤ ሦስተኛ ቤት አያድርም። ይህ ደንብ ያለ ምክንያት አልወጣም። አንድ ጊዜ ድንኳኑ ለአንድ ቀን ብቻ ተብሎ አንድ አባል ቤት ተቀመጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባምባሲ ሰርግ ተጠርተን ብንሄድ የራሳችን ድንኳን ሙሽሮቹን አስጠልሎ ቆሟል። እኔ ራሴ የጠቀምኩትን ቀዳዳ አየሁት። ቁልፉም ደንብ አለው። የወሰደ ሰው ከፍቶ፣ ዕቃ አውጥቶ፣ ቆልፎ፣ እዚያው ሳይውል ሳያድር ለያዡ ይመልሳል። ይህን ደንብ እንደ ውብሸት የሚያከብር ሰው የለም። ውብሸት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፉን ከደምሴ አንገት ፈትቶ ወስዷል፣ መልሶም አንገቱ ላይ አስሯል።

ደምሴ ዝናቡ ሊገባ ሲል ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ጠዋት ተነስቶ ጫማውን አንዱን አጥልቆ ሌላውን ሳያጠልቅ ነው።

ውብሸት መጣ። እያለቀሰ ቁልፉን ከደምሴ አንገት ፈታ። ሄዶ ከፈተ፤ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን አስወጣ፤ ቆለፈ። ሲመለስ ሬሳው ታጥቦ ሊገነዝ ነው። ውብሸትም አሥራ አንድ ዓመት ሲያደርግ የኖረውን አደረገ። ቁልፉን ለያዡ መለሰ። ማተቡ ላይ ቋጠረው። ገናዦቹ አይተዋል። እኔ ግን ቀደም ብዬ አንገቱ ላይ ያለውን እንዳትነኩ ብያቸው ነበር። ማተቡን ማለቴ ነው፤ ክርስቲያን ከነማተቡ አይደል የሚቀበረው? እነሱ ደግሞ ያዘነች ሴት ያለችው ይሁን ብለው ከነቁልፉ ገነዙት።

ይህ የታወቀው በሰልስቱ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደለ እንግዲህ ድንኳኑ ይነሳ አሉ። ቁልፉስ? ውብሸት ተጠየቀ። መልሻለሁ አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ አልተቀበልኩም አልኩ። ውብሸት ተገርሞ አየኝ።

“እትዬ፣ ለእርስዎ መች አልኩ? ለጋሼ ነው እንጂ።”

ውብሸት ራሱ ያለውን ነገር ገና አሁን ከሌላ ሰው እንደሰማ ሁሉ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ዓለምነሽ ናት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ያሉት ለቅሶ መስሏቸው አይዞሽ ይሏታል። ከዚያ እኔን ያዘኝ። ባሌን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እንባው ቀድሞም ሩቅ አልነበረም። ጋሽ ታደለ ብቻ አልሳቁም፤ እሳቸው ደንቡን እያሰቡ ነበር። የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ ፈልገው አጡ። ውብሸት አንዱንም አልጣሰማ!

አንድ ሰው ከወደ ኋላ፣ ታዲያ አፈሩ ገና ልል ነው ብሎ ጀመረ። ቄሱ ዞረው ሲያዩት ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ።

እንግዲህ ድንኳኑ የት ይግባ? ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል። ሌላ ሰው ቤት እንዳያድር ደንብ አለ። ስለዚህ እኔ ግቢ ቆመ። የሐዘን ድንኳን ቆሞ እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ደግሞ አለ እንዴ? ይገባል። አራተኛው ቀን ገቡ፤ ሰባተኛው ቀንም ገቡ። ከአውቶቡስ የወረደ የኩርሙክ ነጋዴ ሻንጣውን እንደያዘ ገብቶ ፋቲሃ አድርጎ ሄደ። ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ተማሪዎች መጥተው ንፍሮ በልተው፣ ነፍስ ይማር ብለው፣ በማግስቱ አራት ሆነው መጡ። ከሁሉ የሚገርመኝ ገና በቅርቡ ወደ ክልሉ ተመድቦ የመጣ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነው። እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ማን እንደሞተ በሹክሹክታ ጠየቀ። ካርታ የሚጫወቱት አንድ ሰው ጎድሏቸው ነበርና አስገቡት። በዘጠነኛው ቀን እሱ ራሱ አዲስ ለሚመጡ ሰዎች የደምሴን ታሪክ ሲተርክ ሰማሁት። እኔ ያልሰማሁትን ሁሉ ያውቃል።

በአሥረኛው ቀን ኮሚቴው ወሰነ። ቅዳሜ በሩ በግራይንደር ይቆረጥ። እግዜር አያድርገውና ሰው ቢሞት ትልልቆቹ ድስቶችና ሁለተኛው ድንኳን እዚያ ውስጥ ናቸው አሉ ጋሽ ታደለ። እውነታቸውን ነው።

ግን ሆዴ እንቢ አለ። ስሙኝማ፤ በያጅ ያገባች ሴት ቤቷ በብረት የተሞላ ይመስላችኋል። የኛ ቤት በር የሌላ ሰው ሥራ ነው። ደምሴ የራሳችንን በር ነገ ነገ እያለ ሳይሠራው ሄደ። ለሰው የሠራቸው በሮች በየሰው ግቢ ናቸው፤ ደርሼ ልነካቸው አልችልም። ጉባ የበየደው ብረት ዛሬ ኮንክሪትና ውሃ ውጦታል። ከእጁ ሥራ እኔ ቀን በቀን አልፌው የምሄደው፣ ማንም ምን ፈለግሽ ሳይለኝ መዳፌን ላሳርፍበት የምችለው፣ ያ የዕቃ ቤት በር ብቻ ነው። እሱ ለሁለት ይሰንጠቅ? ጋሽ ታደለን እስከ ቅዳሜ ቁልፍ አስቀርጻለሁ አልኳቸው። ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ አሉኝ። እሳቸው ሰዓት ሳይጠቅሱ ምንም ነገር አይፈቅዱም።

ዓርብ ገበያ ሄድኩ። ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን ፊቱ አድርጎ ስልክ ይነካካል። ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው አልኩት። ዋናውን አምጪ አለኝ። ዋናው እኮ ነው የጠፋው። ማሽኑ አይቶ ነው የሚቀርጸው፣ ካላየ አይቀርጽም አለኝ። ለመሆኑ ዋናው ማን ጋ ነው? ባለቤቴ ጋ ነው አልኩት። ደውይለታ! አይሰማም አልኩ። ጉባ ነው እንዴ፣ እዚያ እኮ ኔትወርክ አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ይጠፋል፣ ደጋግመሽ ሞክሪ አለኝ። ይሄኔ ነገርኩት። ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ይቅርታ እናቴ አለ። ቁልፍ ሳያይ ቁልፍ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ አለ፣ እሱም መስጊዱ ጀርባ ያሉት አቶ አጠይብ ናቸው ብሎ አመለከተኝ።

ቁልፍ ሳያይ ቁልፍ የሚሠራ! እስቲ እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ?

አቶ አጠይብ ሸምገል ያሉ የበርታ ሰው ናቸው። ኩርሙክ ተወልደው ያደጉ፣ የወርቅ ሚዛን ሲያስተካክሉ የኖሩ። ሳገኛቸው ማንጎ ሥር ተቀምጠው የአንዱን ነጋዴ ሚዛን ያክማሉ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ውብሸት ቁልፉን ለደምሴ የመለሰበት ላይ ስደርስ እጃቸውን ከሚዛኑ ላይ አነሱ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

“ጥሩ ሰው” አሉ። “አማና መለሰ።”

አማና አደራ ነው። በውብሸት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲስቅበት ከርሞ ነበር፤ በዚህች አንዲት ቃል ነጻ ወጣ። ነገ እመጣለሁ አሉኝ።

ቅዳሜ ስንደርስ ባለ ግራይንደሩ ቀድሞን መጥቶ ገመዱን ከጎረቤት ቤት ዘርግቷል። ጋሽ ታደለ ሰዓታቸውን ያያሉ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ድንኳኑን ትተው መጥተዋል። አቶ አጠይብ ማንንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ቁልፉን መጀመሪያ ይመረምራሉ ስል መዳፋቸውን ብየዳው ላይ አሳረፉ። ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብለው፣ ሰው የፈረስ አንገት እንደሚዳስስ።

“ይሄ ሰውዬ” አሉ፣ “ብረት እንደ ጨርቅ ይሰፋል።” ቆዩና ደግሞ፣ “ግራኝ ነው?”

ደምሴ ግራኝ ነው። ከዚህች ቃል በፊት ስለ ደምሴ እጅ አንድም ነገር አልነገርኳቸውም። እንዴት አወቁ ብላቸው የብየዳውን ሞገድ አሳዩኝ፤ ትንንሾቹ የብረት ቅርፊቶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። የቀኝ እጅ ሲሆን ወደዚያ ይተኛል፣ የግራ ሲሆን ወደዚህ አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በር አጠገብ ሳልፍ የባሌ እጅ እንደ ጽሑፍ ተጽፎበት ኖሯል፤ ማንበብ የማስተምር እኔ ሳላነበው።

አራት ሰዓት ሞላ። ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለ ግራይንደሩ ሶኬቱን ሲሰካ መብራት ሄደ። ግድቡ የኛ ክልል ውስጥ ነው፤ መብራት ሲሄድ የሚቆጨን ለዚህ ነው። ያን ቀን ግን ሰልፍ ወጥቼ ላመሰግን ምንም አልቀረኝም። ባለ ግራይንደሩ መሣሪያውን አስቀምጦ ጥላ ፍለጋ ሄደ።

አቶ አጠይብ ከጣሳቸው ውስጥ ጥርስ ያልወጣለት ረጅም ብረት መረጡ። ኩራዝ ለኮሱ። ብረቱን በኩራዙ ጭስ ላይ እያገላበጡ ጥላሸት አለበሱት። ቀዳዳው ውስጥ ከተቱት፣ ለዓይን በማይታይ መጠን አዞሩት፣ አወጡት። ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። ጥላሸቱ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ጭረት ብልጭ ትላለች። እሷን በሞረድ ነካ አደረጓት። ደግሞ ጭስ። ደግሞ ቀዳዳ። ደግሞ ጭረት። በሩ ውስጥ የተቀበረው ቁልፍ ጥላሸቱን እየነካ፣ እዚህ ጋ ጉድለት አድርግልኝ፣ እዚያ ጋ ተወኝ ይላቸዋል። የጠፋውን መክፈቻ አላዩም፤ አላስፈለጋቸውምም። በሩ ሆድ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ልክ የዚያን መክፈቻ ያህል ነው። ነገር ሲጠፋ የሚተወው ባዶ ቦታ ይህን ያህል ልክ እንዳለው አላውቅም ነበር። ለወትሮው በየሁለት ደቂቃው አስተያየት የሚሰጠው ያ ሁሉ የእድር ሰው እንኳ ትንፋሹን ውጦ ነበር። አንዱ ሊያስነጥስ ሲል ውብሸት አፍንጫውን ያዘለት።

ብርጭቆ ውሃ ላቀርብላቸው ስጠጋ፣ “ተቀመጥ እህቴ” አሉኝ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው፣ ዓይናቸውን ከብረቱ ሳያነሱ። “ሙፍታህ እየመጣ ነው።” ሙፍታህ የሚሉት መክፈቻውን ነው። እሳቸው አይሠሩትም፤ ከሩቅ አገር እየመጣ ነው፤ የሳቸው ሥራ መንገድ መጥረግ ነው። እንዲህ ነበር የተሰማኝ።

ሰባት ሰዓት ገደማ አለቀ አሉ። ከተቱት። አዞሩት። አልከፈተም።

ልክ ያኔ መብራት መጣ። የማን ቤት ሬዲዮ እንደሆነ አላውቅም በኃይል ዘፈነ። ባለ ግራይንደሩ ከጥላው ተነስቶ መሣሪያውን ሞከረው፤ ጩኸቱ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ጋሽ ታደለ አቶ አጠይብን በአክብሮት ደክመዋል፣ እግዜር ይስጥልን አሏቸው። ይህ ማለት ከበሩ ዞር ይበሉልን ማለት ነው። እኔ በሩና ባለ ግራይንደሩ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ምን እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ።

አቶ አጠይብ አልተንቀሳቀሱም። መክፈቻውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

“ልክ ነው። ሙፍታህ ልክ ነው። ባልህ ሲከፍት ምን ያደርጋል?”

ምን ያደርጋል? ከፍቶ ይገባል እንጂ ምን ያደርጋል! ዓይኔን ጨፈንኩ። ደምሴን በሩ ፊት አቆምኩት። መክፈቻውን ከአንገቱ ሳይፈታ ጎንበስ ይላል፤ በግራ እጁ ይከታል፤ ከዚያ... ከዚያ ጉልበቱን ከበሩ የታችኛው አግዳሚ ብረት ሥር አስገብቶ በሩን ትንሽ ያነሳዋል። ዕቃ ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ወለሉ ሰምጦ በሩ ዘንበል ብሎ ነበር። አስተካክለው ስለው ነገ ይል ነበር። በነገ ፈንታ ጉልበቱን ሲሰጠው ኖረ። ውብሸትም ከሱ አይቶ እንዲሁ ነበር የሚከፍተው፤ ሳያስበው ስለሚያደርገው ግን ትዝ አላለውም።

ሄድኩና ጉልበቴን እዚያው ብረት ሥር አስገባሁ። ከባድ ነው። አነሳሁት። አቶ አጠይብ አዞሩ። ውስጥ አንድ ነገር ገር ብሎ ዞረና በሩ ወደኛ መጣ።

ሰዉ ሆ አለ። ውብሸት ተንበርክኮ የአቶ አጠይብን እጅ ሊስም ሲል እሳቸው ቀድመው ያዙት። ጋሽ ታደለ ሁለተኛ መክፈቻ እንዲሠራ እዚያው ቆመው አዘዙ፤ አንቀጽም እንደሚጨመር ተናገሩ። ባለ ግራይንደሩ ገመዱን እየጠቀለለ እኔም እኮ ላሜራውን ስለማውቀው ቅር ብሎኝ ነበር አለኝ። አቶ አጠይብ እንደገና ብየዳውን አንድ ጊዜ ዳስሰው፣ ደምሴን በዓይናቸው ሳያዩት አላህ ይዘንለት ብለው ሄዱ። እኔ በሩን ደግፌ ቆሜ ነበር። ምንም ጭረት አላገኘውም። እሱን ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ አገኘሁት።

ከዚያማ ሰዉን ማን ያቁመው? ሥራ ናፍቆት የከረመ ይመስል ወደኔ ግቢ ተመመ። ካስማ ነቀሉ፣ ሸራ አጠፉ፣ አግዳሚ ተሸከሙ። ያ የቢሮ ሠራተኛ ካርታውን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ነገር ዕቃ ቤት ገብቶ ተቆለፈ። እያንዳንዱ መጥቶ እግዜር ያጽናሽ አለኝ፤ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሄደ። ዓለምነሽም ልጆቿ ጋ መሄድ ነበረባት።

ግቢው ለካ ይህን ያህል ሰፊ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ካስማ የተነቀለባቸውን ጉድጓዶች ቆጠርኩ። ንፍሮ የሚጠይቀኝ የለም። ደምሴን አሳስቶ የሚተርክልኝ እንኳ የለም። እንደ አቶ አጠይብ ያለ ባለሙያ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ። ብቻ እዚያ ደረጃ ላይ ሆኜ አንድ ነገር አሰብኩ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ምነው እኚያን ሰው ትንሽ ሰነፍ ባደረገልኝ!